ግንቦት ሲደርስ የሚመጡ ልጆች

እንጀራዬ ሰርግ ነው። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ የሰው ሰርግ ቪዲዮ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ ዘፈን አለብሳለሁ። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቀና ብዬ ሰው አላይም። ግንቦት ሲጋመስ ሥራው ቀዝቀዝ ይላል። ያኔ ተማሪዎቹ ይመጣሉ።

ሦስት አራት ሆነው ነው የሚመጡት። አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሙሽሮች ያያሉ። «ጋሼ፣ የኮርስ ዶክመንተሪ አለብን» ይላል ተናጋሪው። ስምንት ደቂቃ፣ ቢበዛ አሥር። ማስረከቢያው ደርሷል። ካሜራ በስንት ታከራያለህ? ኤዲትስ ታደርግልናለህ?

ኤዲት አላደርግላቸውም። ኮምፒውተሩን እለቅላቸዋለሁ፤ ራሳቸው ቁጭ ብለው ይሠራሉ፤ እኔ ከጎን ሆኜ ሻይ እየጠጣሁ እጨቀጭቃቸዋለሁ። ማርኩ የነሱ ነውና ልፋቱም የነሱ ይሁን። ደግሞ እኔ ከነካሁት ሰርግ ይመስላል፤ የምትጎድለው ሙሽራዋ ብቻ ናት።

በዚህ ምክንያት መምህራቸው የማያየውን ነገር አያለሁ። መምህሩ የሚያየው ያለቀውን ስምንት ደቂቃ ነው። እኔ የማየው የካሜራውን ሚሞሪ ካርድ ነው። የተበላሸውን፣ የተተወውን፣ ሳይጠፋ ተረስቶ መሬትና ጫማ የቀረጸውን ሁሉ። ከዓመት ዓመት የታዘብኩት ይሄንን ነው፦ ፊልሙ ብዙ ጊዜ ካርዱ ውስጥ አለ። ይዘውት የመጡት ወረቀት ላይ ስላልተጻፈ ግን አያዩትም።

ወረቀቱን ልንገራችሁ። ፕሮፖዛል ይባላል። ርዕስ አለው፣ ዓላማ አለው፣ «ከዚህ ፊልም የሚጠበቅ ውጤት» የሚል አለው። አብዛኛውን ጊዜ ርዕሱ ቡና ነው። ጅማ ላይ ተቀምጦ ስለ ቡና አለመሥራት ነውር ይመስላቸዋል መሰለኝ። እኔም ቡና አልጠላም። ችግሩ የቀን መቁጠሪያው ነው። ቡና የሚያብበው የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ሲነካው፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ነው። ቀይ ሆኖ የሚለቀመው ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ነው። ፕሮፖዛሉ የሚጸድቀው ሚያዝያ፣ ቀረጻው የሚወጣው ግንቦት። ግንቦት ላይ ቡና ማሳ ብትገቡ የምታገኙት አረንጓዴ ቅጠልና ገና ያልጠና አረንጓዴ ፍሬ ነው። ለቀማ የለም፣ የማድረቂያው አልጋ ባዶ ነው፣ ሰውየውም አረም ላይ ነው።

አረሙን ቢቀርጹ እኮ ጥሩ ነበር። ከመልቀም በፊት ያለውን ረጅም ወራት፣ ገንዘብ የማይገባበትን ጊዜ፣ ማን አሳየን? ግን ወረቀቱ «የቡና ለቀማ ሂደት» ስለሚል ከኢንተርኔት ያወርዳሉ። አንድ ጊዜ «የጅማ አርሶ አደር ቡናውን በጥንቃቄ በእጁ ይለቅማል» የሚል ትረካ ላይ ቤት የሚያህል ማሽን ሜዳ ሙሉ ቡና እያራገፈ ሲያልፍ አየሁ። ብራዚል ነው። «ይሄ የማን ማሳ ነው?» አልኳቸው። ተያዩ። «ቢ-ሮል ነው» አለኝ አንዱ፣ ማሟያ ምስል ማለቱ ነው፣ ያ መልስ የሚሆን ይመስል።

ሁለተኛው ርዕስ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው። ይሄኛው ወቅት አይፈልግም። ጅሬን ኮረብታው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ባጃጅ ተሳፍሮ መውጣት ነው፣ ሰገነቱን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች መቅረጽ ነው። ከዚያ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 እንደነገሡ መናገር፣ አስጎብኚውን ማናገር፣ አለቀ። ቆንጆ ነው፣ ግን እዚያ ውስጥ የሚሆን ነገር የለም። ቤት ብቻውን አይንቀሳቀስም። የሚጠርገውን፣ የሚጠብቀውን፣ ዝናብ ሲያስገባ ባልዲ የሚደቅነውን ሰው ብትከተሉ ሌላ ጉዳይ ነው። «እሱ ፕሮፖዛሉ ላይ የለም» ይሉኛል።

ስለ ትረካው ካነሳሁ አይቀር ልተንፍሰው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚጀምሩት፦ «ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ታሪካዊቷ የጅማ ከተማ…» ድምፁ ወፈር ይላል፣ ከሥሩ ዋሽንት ይገባል። ይሄን የሚሰማው ማን ነው? መምህሩ ጅማ ነው የሚኖረው። የክፍል ጓደኞቻቸው ጅማ ናቸው። ርቀቱንማ ወገባቸው ያውቀዋል፣ በአውቶቡስ ተቀምጠው ለክተውታል። ጥፋቱን ሁሉ በልጆቹ አልጥልም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዶክመንተሪ ተብሎ ያዩት ሁሉ እንደዚህ ነበር። ዝም ካሉ ሥራ ያልሠሩ ይመስላቸዋል፤ ክፍት ቦታ ባገኙ ቁጥር ቃል ይሞሉበታል።

ባለፈው ዓመት የመጡት አራት ልጆች ግን ትንሽ ለየት አሉብኝ። ሁለት ሴት፣ ሁለት ወንድ። እነሱም በቡና ነበር የጀመሩት። ማሳ ሄደው ግንቦት መሆኑ ሲገባቸው ርዕስ ቀየሩ። የአንደኛዋ አጎት የሚያውቃቸው በርጩማ ሠሪ ሽማግሌ ነበሩ። በርጩማው ያው የምታውቁት ነው፣ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ። መንገድ ዳር ተደርድሮ የሚሸጠው፣ የጅማ ልጅ አዲስ አበባ ሲሄድ ይዞት የሚወጣው።

የመጀመሪያውን ቀን ቀረጻ ሲከፍቱት ልቤ ወደቀ። የትብብር ደብዳቤ ይዘው ነው የሄዱት፣ ማኅተም ያለበት፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ለጥበቃና ለቀበሌ ይጠቅማል። ሥራ ላይ ላለ ሰው ሲሰጥ ግን ሰውየው ኮት ይለብሳል። አባባም ኮት ለብሰዋል። ያለቁ በርጩማዎች ከኋላቸው በሰልፍ ቆመዋል። እሳቸው መሀል ቀጥ ብለው ተቀምጠው «የበርጩማ ሥራ ከአባቶቻችን የወረስነው ባህላዊና ታሪካዊ እሴት ያለው ቅርስ ሲሆን…» ይላሉ። ይሄ የሳቸው አነጋገር አይደለም። ስብሰባ የተሰማበት አነጋገር ነው። ጥያቄው «ፋይዳው ምንድን ነው?» ከሆነ መልሱ ፋይዳ ይሆናል።

«በቃ፣ ሃያ ደቂቃ ኢንተርቪው አለን» አለ አንደኛው ልጅ ደስ ብሎት። ክሊፑን ሊዘጋ ሲል እጁን ያዝኩት። ቪዲዮው ገና አላለቀም ነበር።

«እናመሰግናለን አባባ» ይላል ድምፅ ከካሜራው ኋላ። ሽማግሌው ተነሱ። ኮታቸውን አወለቁና ምስማር ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ዞር ብለው ረዳታቸውን፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆነውን ልጅ፣ በአፋን ኦሮሞ ያዙት። ግንዱን ለምን ፀሐይ ላይ ተውከው ነው ነገሩ። ገና እርጥብ ነው፣ በአንድ ጊዜ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ እንጨት ደግሞ እግር አያወጣም። ጎንበስ ብለው ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው እየተከተሉ አሳዩት። ልጁ አንድ ነገር መለሰ። እሳቸው ሳቅ አመለጣቸው፣ ግን ቁጣቸውን አልተዉም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ያልነበሩት ሰውዬ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መጡ።

ካሜራውን የያዘችው ልጅ ሆን ብላ አልነበረም ያላጠፋችው። እቃ እየሰበሰበች ነበር። ክፍሏ ውስጥ ግን ከሁሉም ቀድሞ ነገሩ የገባት እሷ ናት። «ይሄንን ነው የምንፈልገው» አለች። ቀጥላም «ግን አያውቁም እኮ» አለች።

እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ዝም ብሎ ያልፋል። ሰውየው ለኢንተርቪው ፈቅዷል፣ ካሜራ ፊት ነበር፣ ምን ችግር አለው ይላል። አራቱ ግን በማግስቱ በስልክ ይዘውት ሄዱና ለአባባ አሳዩአቸው። የሰው ፍርሃት በአሁኑ ጊዜ ቴሌቪዥን አይደለም፣ ቲክቶክ ነው። አባባ ሲያዩት ሳቁ አሉ። «እኔ ምን አለብኝ፣ የተሰደበው እሱ ነው፣ እሱን ጠይቁት» አሏቸው። ረዳቱን ጠየቁት። ልጁ አንዴ ደግሞ እንዲያሳዩት ጠየቀና ፈቀደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮቱ ከምስማሩ አልወረደም።

ሁለተኛው ዙር ቀረጻ ጥያቄ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ሥራውን ብቻ ነው የቀረጹት። በርጩማው ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው። መቀመጫውም ሦስቱ እግሮችም አንድ እንጨት ናቸው። ምስማር የለ፣ ኮላ የለ። በመጥረቢያ ሻካራ ቅርጹ ይወጣል፣ ከዚያ ግንዱ ተገልብጦ በእግሮቹ መሀል ያለው እንጨት በመሮ እየተፈለፈለ ይወጣል። ከባዱ እዚያ ጋ ነው። ውጪውን የተሳሳተ ሰው ያስተካክለዋል። ውስጡን የተሳሳተ ግን አንዱን እግር ያሳሳዋል፣ ያ በርጩማ በቃ ለማገዶ ነው። ረዳቱ ውጪውን ይጠርባል። አባባ ውስጡን ለማንም አይሰጡም። ይሄንን በቃል ማንም አልተናገረም። ግን ካሜራው ፊት እንጨቱ ሁሌም ከልጁ እጅ ወደ ሽማግሌው እጅ ሲሻገር ታዩታላችሁ። አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አባባ መሮውን ለልጁ ዘረጉለት። ልጁ ወዲያው አልተቀበለም። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ያችን ነገር ያገኘ ተማሪ ዋሽንት ምን ያደርግለታል?

የቀረጻው ከፍታ ደግሞ በግድ የተገኘ ነው። ትራይፖዳቸው፣ የካሜራ ማቆሚያው፣ አንዱ እግሩ እየተንሸራተተ አስቸገራቸው። ረዳቱ ያለቀ በርጩማ አምጥቶ ካሜራውን እሱ ላይ አስቀመጡት። መሬቱ ጎርባጣ ነው፤ ሦስት እግር ያለው ነገር ግን ጎርባጣ ላይም አይወዛወዝም። ስለዚህ ግማሹ ፊልም የተቀረጸው በቁጢጥታ የተቀመጠ ሰው ዓይን ካለበት ነው። እጅ፣ መሮ፣ ፍቅፋቂ። ቆመው ቢቀርጹት ኖሮ የምናየው የሰው አናት ነበር።

ስለ ድምፅ ትንሽ ልቆይ፤ የተማሪ ፊልም የሚሞተው በድምፅ ነውና። ምስሉ ትንሽ ቢጨልም ሰው ይታገሳል። የሚናገረው ካልተሰማ ግን ስልኩን ያወጣል። ጅማ ደግሞ በግንቦት ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይከብዳል፣ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ይወርድበታል። ቆርቆሮ ሥር ዝናብ ሲዘንብ የሰው ድምፅ መቅዳት አይቻልም፣ የትኛውም ሶፍትዌር አያወጣውም። ስለዚህ ንግግር ጠዋት፣ ዝናብ ሲመጣ እጅ ብቻ። ባጃጁንም አትርሱ። ማይክ የሌላቸውን ልጆች የማስተምራቸው ዘዴ ቀላል ነው። ሁለተኛ ስልክ ላይ መቅጃውን ከፍተው ሰውየው ደረት ኪስ ውስጥ ያስገባሉ፣ ካሜራው ፊት አንዴ ያጨበጭባሉ። ኤዲት ሲያደርጉ የጭብጨባው ድምፅ ታይምላይኑ ላይ፣ ክሊፖቹ የሚደረደሩበት መስመር ላይ፣ እንደ እሾህ ቆሞ ይታያል፣ እሱን ከእጁ ምስል ጋር ማገጣጠም ነው። አንድ ነገር ግን አለ። ብዙ ስልክ ቪዲዮ ሲቀርጽ በሴኮንድ የሚይዘው ምስል ቁጥር ከፍና ዝቅ ይላል። ክሊፑ ረጅም ከሆነ ድምፅና ከንፈር ቀስ በቀስ ይለያያሉ። መጀመሪያ በሌላ ፕሮግራም ቁጥሩን ቋሚ አድርጎ መቀየር ነው መፍትሔው። ይሄንን ሳያውቁ ሌሊቱን ሙሉ ከንፈር ሲያሳድዱ ያደሩ አሉ።

ሌላው የመብራቱ ነው። የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ ብዙው አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም። በሴኮንድ 30 ምስል እንዲቀርጽ የተደረገ ካሜራ ግን ያየዋል፣ በተለይ ሻተሩ፣ ለአንድ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ 1/60 ሴኮንድ ሲሆን። ፊልሙ ላይ ጥላ ወደ ላይ ወደ ታች ይንሸራሸራል። ቁጥሩን 25፣ ሻተሩን 1/50 ማድረግ ይበቃል። ሰርግ አዳራሽ ያስተማረኝ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። እንጨቱ ከየት ነው የሚመጣው?

በርጩማው በብዛት የሚሠራው ከዋንዛ ነው። ዋንዛ ለመጥረብ ይመቻል፣ ቀለሙም ያምራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ደግሞ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደን ሕጉ ተቀያይሯል፣ ሥጋቱ ግን አለ። በሌላ በኩል ዋንዛ በጅማ ዙሪያ የቡና ጥላ ነው፣ በገበሬው ማሳ ውስጥ ይቆማል። ያረጀው ይወድቃል፣ ይሸጣል። አንድ ግንድ በርጩማ ቤት ደጃፍ ላይ ሲታይ ከየትኛው እንደመጣ በዓይን አይለይም።

ከአራቱ አንዱ ልጅ ይሄ ሲገባው ዓይኑ በራ። «ዶክመንተሪ ያለ ግጭት አይሆንም» ተብሎ ተምሯል። ሄደው አንድ የደን ባለሙያ አናገሩ። ሰውዬው በጨዋ ቋንቋ ዋንዛ እየተመናመነ መሆኑን፣ ሕገ ወጥ ቆረጣ መኖሩን ተናገሩ። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ «ሕገ ወጥ ቆረጣ» የሚለው ቃል እንዳለቀ የአባባን ፊት ቀጠለበት። ከመጀመሪያው ቀን የተወሰደ ነው፣ ጥያቄ እየጠበቁ ዝም ያሉበት፣ ወደ ታች ያዩበት። ሦስት ሴኮንድ ብቻ። ከዚያ ወደ ኋላ ተደግፎ አየን። «እንዴት ነው?» አለ።

እንደ ኤዲት በጣም ጥሩ ነበር። ሽማግሌው በሦስት ሴኮንድ ሌባ ሆኑ።

ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል የሩሲያ ፊልም ሠሪ አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር ይባላል። የአንድ ተዋናይ ምንም የማይናገር ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን ጋር፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር ቀጣጠለው። ተመልካቹ መጀመሪያ ሰውየው እንደራበው፣ ቀጥሎ እንዳዘነ አየ። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነው። እኔ ይሄንን ነገር በየሳምንቱ እሠራበታለሁ። የሙሽራው እናት ሙቀቱ አድክሟቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ የተወሰደውን ወስጄ መሐላው ላይ አደርገዋለሁ፣ ቤተሰብ ሁሉ አብሮ ያለቅሳል። ሰርግ ላይ ማንም አይጎዳም። እዚህ ግን አንድ ሰው ቃል ሳይተነፍስ ተከሰሰ። ከሳሹም የለም፣ ከሳሹ መቁረጫው ነው።

ነገርኳቸው። ልጁ «እኛ ምንም አላልንም እኮ፣ ያዩት ሰዎች ናቸው የሚፈርዱት» አለ። ካሜራ ያልዘጋችው ልጅ «አንተ ነህ የፈረድከው» አለችው። ተጨቃጨቁ። እኔ ሻይ ላዝዝ ወጣሁ፣ የዚህ ዓይነት ጭቅጭቅ ሌላ ሰው በሌለበት ሲሆን ነው የሚያምረው።

ስመለስ ወስነው ጠበቁኝ። ተመልሰው ሄደው ራሳቸውን አባባን ጠየቁ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ እየሠሩ እያሉ። መልሳቸው ንጹሕ ጀግና የሚያደርጋቸው አልነበረም። ከገበሬ ይገዛሉ፣ ወረቀት ያለው አለ፣ ወረቀት የሌለውም ይመጣል፣ ዝናብ የጣለውን ነው ይሉኛል እኔ ምን አውቃለሁ፣ ዋንዛው ድሮ ደጃፍ ነበር አሁን ሩቅ ሆኗል፣ ይሄ ልጅ በኔ ዕድሜ ምን እንደሚጠርብ እንጃ። እንዲህ ነው ያሉት። የባለሙያውን ንግግር አስገቡ፣ ከኋላው ይሄን መልስ አስከተሉ። ዝም ያለው ፊት ወጣ። ሌላም አወጡ። አንድ ጎረምሳ ማለዳ ላይ ግንድ ከጋሪ ሲያወርድ የተቀረጸ ነበራቸው። ብርሃኑ በጣም ያምራል። ጎረምሳው ካሜራውን ሲያይ ፊቱን አዙሯል። ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አልፈቀደም። ልጁ ያንን ክሊፕ ሲያጠፋው ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው ነበር።

ግጭት ፈላጊው ልጅ ተሸነፈ እንዳትሉ። ያ ጥያቄ ባይኖር ፊልሙ ስለ ቆንጆ እጅ የተሠራ ፖስት ካርድ ይሆን ነበር። ያመጣው እሱ ነው።

የቀረው መሐንዲስነት ነው። ንግግሩ ግማሽ በግማሽ አፋን ኦሮሞ ስለነበር ሰብታይትል ያስፈልገዋል። ሁለቱም ቋንቋ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ አማርኛው ደስ ብሎ ገጠመ። አባባ ነገሩን የሚቋጩበት ሰዓትና ጽሑፉ የሚቋጭበት ሰዓት አንድ ሆነ፣ ሳቁም በቦታው መጣ። ፎንቱ ግን አስቸገረ። ፊደላችን የሌለበት ፎንት ከመረጡ ሳጥን ብቻ ይደረደራል። ኒያላን ወይም አቢሲኒካን መርጦ መገላገል ነው። አንድ ጽሑፍ ከሁለት መስመር አይብለጥ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ዩፒኤሴ፣ መብራት ሲሄድ የሚይዝልኝ ባትሪ፣ ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ብቻ ነው የሚበቃው።

መጨረሻ ላይ፣ ማስረከቢያው ሊደርስ ሲል፣ ኤክስፖርቱ አልቆ፣ ፊልሙ አንድ ፋይል ሆኖ ወጥቶ፣ ፍላሹ አልቀበልም አለ። «ፋይሉ ትልቅ ነው» ይላል፣ ፍላሹ ውስጥ ግን 20 ጊጋባይት ባዶ ቦታ አለ። በየዓመቱ ይሄ ነገር ያስለቅሳል። ፍላሹ ፋት 32 ሆኖ የተዘጋጀ ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም፣ ቦታ ቢኖረውም። ኤክስ ፋት አድርጎ እንደገና ፎርማት ማድረግ ነው። መጀመሪያ ውስጡ ያለውን አውጡ እንጂ።

ትረካ አልነበረውም። 350 ኪሎ ሜትሩም አልነበረም። ጅማ መሆኑ በምን ይታወቃል ያሉ እንደነበሩ ሰምቻለሁ። በዝናቡ፣ በቋንቋው፣ በበርጩማው ነዋ።

ክፍል ውስጥ ታይቶ ካለቀ በኋላ ለአባባ ቅጂ ወሰዱላቸው። በረዳቱ ስልክ ላይ ተሰብስበው አዩት። አባባ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አይተው «ጥሩ ነው፣ ግን ስልክ ቁጥሬ የታለ?» አሉ። ይሄን ሁሉ ቀን ሲመላለሱ እሳቸው የጠበቁት እሱን ነበር። ሰው አይቶ ወድዶ በምን ያገኘኛል? ልጆቹ ዶክመንተሪ ማስታወቂያ አይደለም፣ መምህሩ እንዲህ ብሏል፣ እንዲያ ብሏል እያሉ ሊያስረዱ ሞከሩ። አባባ ሰሙና «እናንተ ማርክ አገኛችሁ፣ እኔስ?» አሏቸው። መልስ አልነበራቸውም። እኔም አልነበረኝም።

ስለዚህ ሁለት ቅጂ ተሠራ። አንደኛው የመምህሩ ነው። ሁለተኛው የአባባ ነው፣ መጨረሻው ላይ ቁጥራቸው በትልቁ ተጽፎ አሥር ሴኮንድ ይቆማል። ሳምንት ሳይሞላ አባባ ራሳቸው ደወሉልኝ። ልጆቹ አንዷን ቁጥር አሳስተዋታል። አጋሮ ያለ አንድ ሰው በርጩማ እየታዘዘበት ተማርሮ አፈላልጎ አገኛቸው አሉ። እንደገና ኤክስፖርት አደረግነው። ደግነቱ መብራት ነበረ።